በጉድለት ምርት የተጎዳ ሰው አምራቹን የት መክሰስ ይችላል? ከሚኒሶታ እስከ ቢሾፍቱ የዘለቀ የሕግ ክርክር

በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ሐይቆች በክረምት ሲጋገሩ በረዶውን ሰርስሮ ዓሣ ማጥመድ የተለመደ ነው። አንድ የግዛቱ ነዋሪ ከወዳጁ ጋር ወደ እንዲህ ያለ ማጥመጃ ስፍራ ሲጓዝ፣ የተሳፈሩበት መኪና ከፊቱ የነበረን በረዶ ጠራጊ ተሽከርካሪ ከኋላ ገጭቶ ቦይ ውስጥ ገባ። መኪናው የ1994 ሞዴል ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ነበር። ተሳፋሪውን ከግጭቱ ሊከላከል ይገባ የነበረው ኤርባግ አልተነፋም። ሰውየው ከባድ የአንጎል ጉዳት ደረሰበት።

አደጋው የደረሰው ሚኒሶታ ውስጥ ነው፤ ተጎጂውም የሚኒሶታ ሰው ነው። ይሁንና ክሱ በዚያው ግዛት ፍርድ ቤት ሲቀርብ ፎርድ ስለ ኤርባጉ ከመከራከሩ በፊት መቃወሚያ አቀረበ፤ የሚኒሶታ ፍርድ ቤት በኩባንያው ላይ የዳኝነት ሥልጣን የለውም የሚል። ኩባንያው የተቋቋመው በዴላዌር ሕግ ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሚሺጋን ነው። መኪናው የተነደፈው ሚሺጋን፣ የተገጣጠመው ካናዳ ሲሆን መጀመሪያ የተሸጠው ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ነው። ሚኒሶታ የደረሰው ከዚያ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ነው።

ሞንታና ውስጥ ደግሞ የ1996 ሞዴል ፎርድ ኤክስፕሎረር ስታሽከረክር የነበረች የግዛቱ ነዋሪ፣ የአንዱ የኋላ ጎማ የላይኛው ሽፋን ተገንጥሎ መኪናው ተገለበጠና ሕይወቷ አለፈ። ያ መኪና የተገጣጠመው ኬንታኪ፣ የተሸጠው ደግሞ ዋሽንግተን ግዛት ነበር። ፎርድ እዚያም ያንኑ መቃወሚያ አነሣ። ሁለቱ መዝገቦች ተጣምረው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሱ።

ክርክሩ ላይ ላዩን ሲታይ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ይመስላል። የት ይታይ የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ክሱ ይኖራል ወይስ አይኖርም የሚለውን የሚወስን ነው። የተጎዳ ሰው ምስክሮቹን ይዞ በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቆ እንዲከራከር ሲገደድ ብዙውን ጊዜ ይተወዋል። መዝገቡ በሥልጣን ምክንያት ሲዘጋ የይርጋው ጊዜ አልፎ ሊገኝም ይችላል። ካሳውም ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት እጅግ ይለያያል። በመጋቢት 2011 ዓ.ም ቢሾፍቱ አቅራቢያ በተከሰከሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ዘመዶቻቸውን ያጡ ቤተሰቦች በቦይንግ ላይ የመሠረቱትን ክስ ወደ ቺካጎ የወሰዱት ስለዚህ ነው። ወደ እነርሱ ጉዳይ ከመድረስ በፊት ግን ሕጉ የመጣበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል።

ከአንድ እግር ጫማ የተጀመረ ሕግ

በአሜሪካ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ፍርድ ቤቶች አሉት። የሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ ደግሞ ማንኛውም ግዛት ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት የሰውን ንብረት እንዳይወስድ ይከለክላል። ፍርድ ቤቶች ከዚህ አንቀጽ ያወጡት ትርጓሜ፣ አንድ ግዛት ከእርሱ ጋር ምንም ጉዳይ የሌለውን ተከሳሽ ጠርቶ ሊዳኝ አይችልም የሚል ነው። ለረጅም ጊዜ መለኪያው ተከሳሹ በግዛቱ ውስጥ በአካል መገኘቱ ነበር። ለሰው ይህ ቀላል ነው። ኩባንያ ግን አካል የለውም፤ የት ተገኘ ይባላል?

እ.አ.አ በ1945 የተሰጠ ውሳኔ ለዚህ መልስ አበጀ። መቀመጫው ሚዙሪ የሆነ የጫማ ኩባንያ በዋሽንግተን ግዛት ቢሮ አልነበረውም፤ የነበሩት ከጥንድ ጫማ አንዱን እግር ብቻ ለናሙና እየያዙ ትዕዛዝ የሚሰበስቡ ጥቂት የሽያጭ ሠራተኞች ነበሩ። ግዛቱ የሥራ አጥነት መዋጮ ሲጠይቀው ኩባንያው እዚህ አልገኝም አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተቃውሞውን ውድቅ አደረገ። ኩባንያው ከግዛቱ ጋር በቂ ግንኙነት ካለው፣ ክሱም ከዚያ ግንኙነት የሚመነጭ ከሆነ፣ እዚያ መዳኘቱ ኢፍትሐዊ አይደለም ሲል ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ያለው ክርክር ሁሉ «በቂ» የሚለው ቃል ምን ያህል ነው የሚል ነው ማለት ይቻላል።

ቀስ በቀስ ሁለት ዓይነት ሥልጣን ተለየ። የመጀመሪያው የኩባንያው «መኖሪያ» ላይ የተመሠረተ ነው። ኩባንያው በተቋቋመበት ግዛትና ዋና መሥሪያ ቤቱ ባለበት ግዛት፣ ጉዳዩ በዓለም የትም ይድረስ፣ ሊከሰስ ይችላል። ሁለተኛው ጉዳይን የተከተለ ነው፤ ኩባንያው መኖሪያው ባልሆነ ግዛት የሚከሰሰው ክሱ ኩባንያው በዚያ ግዛት ከሚያካሂደው ሥራ ጋር ሲያያዝ ብቻ ነው። ከ2011 እስከ 2014 (እ.አ.አ) የተሰጡ ውሳኔዎች የመጀመሪያውን በር እጅግ አጠበቡት። ከእነዚህ አንዱ ፈረንሳይ ውስጥ ፓሪስ አቅራቢያ በአውቶቡስ አደጋ የሞቱ ሁለት የሰሜን ካሮላይና ታዳጊዎችን ይመለከታል። ለአደጋው ምክንያት ሆነ የተባለው ጎማ ቱርክ ውስጥ የተሠራ ነበር። ወላጆች የአሜሪካዊው የጎማ ኩባንያ ጉድዪር የውጭ አገር ቅርንጫፎችን በሰሜን ካሮላይና ሊከሱ አልቻሉም፤ ከጎማዎቻቸው ጥቂቶቹ ወደ ግዛቱ መድረሳቸው ኩባንያዎቹን የግዛቱ ነዋሪ አያደርጋቸውም ተባለ።

በዚህ የተነሣ ሸክሙ ሁሉ በሁለተኛው በር ላይ ወደቀ።

ሻጩና አምራቹ አንድ አይደሉም

በኒው ዮርክ አውዲ መኪና የገዛ አንድ ቤተሰብ ወደ አሪዞና ሲዛወር ኦክላሆማ ውስጥ ከኋላ ተገጭቶ መኪናው ተቀጣጠለ፤ እናትና ሁለት ልጆች ክፉኛ ተቃጠሉ። እ.አ.አ በ1980 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ መኪናውን የሸጠው የኒው ዮርክ ነጋዴና የአካባቢው አከፋፋይ በኦክላሆማ ሊከሰሱ አይችሉም አለ። መኪና ተንቀሳቃሽ ነው፤ ገዢው ወደ ወደደው መሄዱ ግን ሻጩን በየደረሰበት ተጠሪ አያደርገውም ነው ነገሩ። በአገሪቱ ሁሉ ገበያ የሚፈልገው አምራች ጉዳይ ግን የተለየ ነው።

ይህ ልዩነት በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የዕለት ተዕለት ነገር ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ሜሪላንድ ያገለገለ መኪና ገዝቶ ቨርጂኒያ የሚኖር፣ በሁለቱም የሚያሽከረክር ሰው ብዙ ነው። የመኪናው ፍሬን ከፋብሪካ በመጣ ጉድለት እምቢ ቢለው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ መኪኖቹን የሚሸጠውን አምራች እዚያው መክሰስ ሲችል፣ ሥራው ከሜሪላንድ የማይወጣውን ትንሽ የመኪና መሸጫ ግን ወደ ሜሪላንድ ሄዶ ለመክሰስ ሊገደድ ይችላል።

ከባሕር ማዶ የሚመጣ ምርት ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ኒው ጀርሲ ውስጥ ብረት የሚቆርጥ ማሽን የአንድን ሠራተኛ አራት ጣቶች ቆረጠ። ማሽኑን የሠራው የእንግሊዝ ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ኦሃዮ ባለ አንድ ነጻ አከፋፋይ በኩል ነበር፤ ወደ ኒው ጀርሲ የገቡት ማሽኖች ከአራት አይበልጡም። እ.አ.አ በ2011 ስድስት ዳኞች ኩባንያው በዚያ ግዛት ሊዳኝ አይችልም ሲሉ ሦስቱ ተቃወሙ፤ ስድስቱም ቢሆኑ በምክንያቱ አልተስማሙም። ውጤቱ ለመዋጥ ይከብዳል። ገበያው መላው አሜሪካ እንዲሆን የፈለገ አምራች፣ በመሐል አከፋፋይ በማስገባቱ ብቻ፣ ማሽኑ ሰው ያጎደለበት ግዛት ፍርድ ቤት አላገኘውም።

የፎርድ መከራከሪያ የተሠራው በእነዚህ ውሳኔዎች መሠረት ላይ ነው። ኩባንያው በሚኒሶታና በሞንታና ብዙ እንደሚሠራ አልካደም። ያለው፣ አደጋ ያደረሱትን ሁለቱን መኪኖች እኛ እዚያ አልሸጥንም፤ ስለዚህ በግዛቶቹ ያለን ሥራ ለጉዳቱ ምክንያት አይደለም ነው።

እ.አ.አ በመጋቢት 2021 ፍርዱን የሰጡት ስምንቱ ዳኞች በሙሉ ይህን አልተቀበሉም። የአብላጫውን ሐሳብ የጻፉት ዳኛ ኤሌና ኬገን ናቸው። ፎርድ በሞንታና 36፣ በሚኒሶታ 84 የመኪና መሸጫዎች ነበሩት፤ በጎዳና ሰሌዳ፣ በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮና በፖስታ ሳይቀር ያስተዋውቃል፤ መኪኖቹን ይጠግናል፤ መለዋወጫ ያቀርባል። ፍርድ ቤቱ እንዳለው ክሱ ከኩባንያው ሥራ «መመንጨት» ብቻ ሳይሆን ከሥራው ጋር «መያያዙም» ይበቃል። አንድ ኩባንያ በአንድ ግዛት ያንኑ ምርት በስፋት እያቀረበ፣ ያው ምርት የዚያን ግዛት ነዋሪ በዚያው ግዛት ሲጎዳ፣ ይህች አንዲት መኪና መጀመሪያ የት ተሸጠች የሚለው ፍለጋ ክሱን አይዘጋም።

ውሳኔው ለተጎጂ ሚዛን የሚያስተካክል ነው፤ ከዕውነታውም ጋር ይሄዳል። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው የመጀመሪያው ሽያጭ የት እንደተፈጸመ አያውቅም፣ ግድም አይሰጠውም። የገዛው በስሙ አምኖ ነው፤ ያንን ስም በመንደሩ የተከለው ደግሞ የኩባንያው ማስታወቂያ ነው።

ይሁን እንጂ ድንበሩ የት ላይ እንደሚቆም ግልጽ አልሆነም። በክርክሩ ወቅት በሜይን ግዛት አንድ ጡረተኛ ከእንጨት የዳክዬ ምስል እየቀረጸ በኢንተርኔት ቢሸጥ በየግዛቱ ሊከሰስ ነውን የሚል ምሳሌ ተነሥቶ ነበር። ፍርድ ቤቱ በግርጌ ማስታወሻ ጠቅሶት መልስ ሳይሰጥ አለፈው። ዳኛ ሳሙኤል አሊቶም «መያያዝ» የሚለው መለኪያ ልጓም የለውም የሚል ሥጋታቸውን በተናጠል ጽፈዋል። ዛሬ ስንት ነገር በኢንተርኔት እንደሚገዛ ለሚያስብ ሰው፣ የጡረተኛው ዳክዬ ቀልድ አይደለም።

የተጎጂው አድራሻ

የፎርድ ውሳኔ ከሳሾቹ የግዛቶቹ ነዋሪዎች በመሆናቸው ላይ በብርቱ ይቆማል። ያ ባይሆን ምን ይፈጠር እንደነበር ከአራት ዓመት በፊት የተሰጠ ሌላ ውሳኔ ያሳያል። ፕላቪክስ የተባለው ደም አቅጣኝ መድኃኒት ጎድቶናል ያሉ 678 ሰዎች አምራቹን ብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብን በካሊፎርኒያ ከሰሱ። ከእነርሱ የካሊፎርኒያ ነዋሪዎች 86 ብቻ ነበሩ፤ 592ቱ ከ33 ሌሎች ግዛቶች የመጡ ናቸው። ኩባንያው በካሊፎርኒያ ከመድኃኒቱ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሸጧል። ሆኖም 592ቱ መድኃኒቱን የገዙትም፣ የወሰዱትም፣ የተጎዱትም ሌላ ቦታ ስለሆነ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2017 (እ.አ.አ) ጉዳያቸው በካሊፎርኒያ አይታይም አለ። በልዩነት የቆሙት ዳኛ ሶኒያ ሶቶማዮር ብቻ ነበሩ።

በ2023 (እ.አ.አ) ግን አንድ ጠባብ መስኮት ተከፈተ። በአንድ የባቡር ኩባንያ ላይ በቀረበ ክስ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ፣ በግዛቱ ለመሥራት የሚመዘገብ ኩባንያ በማንኛውም ጉዳይ እዚያ ለመዳኘት እንደተስማማ የሚቆጥረው የፔንሲልቬኒያ ሕግ ከተገቢ የሕግ ሥርዓት ጋር አይጋጭም አለ። ሌሎች ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ ቢያወጡ ከ2011 ወዲህ የተዘጋው በር በሌላ መንገድ ሊከፈት ይችላል።

የተጎጂው አድራሻ ይህን ያህል የሚመዝን ከሆነ፣ የማንኛውም የአሜሪካ ግዛት ነዋሪ ያልሆነ፣ ጉዳቱም ከአሜሪካ ውጭ የደረሰበት ሰው የሚቀረው አንድ በር ነው፤ የኩባንያው መኖሪያ።

ቺካጎ ወይስ አዲስ አበባ?

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ከስድስት ደቂቃ በኋላ ሲከሰከስ የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ሟቾቹ የ35 አገራት ዜጎች ነበሩ፤ ከሁሉም የሚበዙት፣ 32ቱ፣ ኬንያውያን ናቸው። አየር መንገድን የሚመለከተው የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት ተሳፋሪ ወይም ቤተሰቡ አጓጓዡን የት መክሰስ እንደሚችል ይዘረዝራል። አምራቹ ግን በዚያ ስምምነት አይሸፈንም። በአምራቹ ላይ የሚቀርበው ክስ ከፎርድ ኤርባግ ጋር አንድ ዓይነት ነው፦ ጉድለት ያለበት ምርት ሰው ገደለ የሚል።

ቦይንግ የተመዘገበው በዴላዌር ነው፤ 737 ማክስ የሚገጣጠመው በዋሽንግተን ግዛት ሬንተን ከተማ ነው። ከ2001 ጀምሮ ግን ዋና መሥሪያ ቤቱ ቺካጎ ነበር። መዝገቦቹ በዚያ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት የተከማቹት በዚህ ምክንያት ነው። ፍርድ ቤቱ በኩባንያው ላይ ሥልጣን እንዳለው አያጠራጥርም። ሥጋቱ ከሌላ አቅጣጫ ነበር።

የአሜሪካ ፍርድ ቤት ሥልጣን እያለውም፣ ጉዳዩ በሌላ አገር ቢታይ ይሻላል ብሎ መዝገቡን ሊዘጋ ይችላል። የዚህ መርህ መሪ ውሳኔ ራሱ የአውሮፕላን አደጋ ነው። በ1976 ስኮትላንድ ውስጥ በፔንሲልቬኒያ የተሠራች አነስተኛ አውሮፕላን ወድቃ አብራሪውና አምስት ተሳፋሪዎች፣ ሁሉም ስኮትላንዳውያን፣ ሞቱ። ቤተሰቦቻቸው በአሜሪካ ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1981 ክሱ ወደ ስኮትላንድ መሄድ ይችላል አለ። የውጭ አገር ከሳሽ አሜሪካን መምረጡ የአሜሪካዊን ምርጫ ያህል ክብደት አይሰጠውም፤ የአገሩ ሕግ ካሳው ዝቅተኛ መሆኑም ብቻውን መዝገቡን አሜሪካ ውስጥ አያቆየውም። ይህ የማይሠራው የሌላው አገር መፍትሔ ከመፍትሔ የማይቆጠር ሲሆን ብቻ ነው።

ለኢትዮጵያ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ መክፈት ይበቃል። ሕጉ በምርት ጉዳት ረገድ ኋላ ቀር አይደለም። አንቀጽ 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው እንደተለመደው ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ይህን በጽሑፍ ያስቀመጠው ብዙ አገሮች ስለ ጉዳዩ ግልጽ ሕግ ሳይኖራቸው ነው። አንቀጽ 2116 ግን ለሕሊና ጉዳት የሚሰጥ ካሳ ከ1,000 ብር ሊበልጥ አይችልም ይላል። ገንዘቡ የተወሰነው ከስድሳ ዓመት በፊት በነበረ የብር ዋጋ ነው። በገንዘብ የሚተመን ኪሳራ፣ ለምሳሌ ሟቹ ይሰጥ የነበረው የቤተሰብ ድጋፍ፣ በሌላ ስሌት ይታያል፤ ለኀዘኑ ግን ጣሪያው ይኸው ነው።

ሌላም ችግር አለ። የአውሮፕላኑ የንድፍ ሰነዶችና ኤምካስ የተባለውን የበረራ መቆጣጠሪያ ሥርዓት የሠሩ መሐንዲሶች ያሉት አሜሪካ ነው። አዲስ አበባ የተሰጠ ፍርድ አሜሪካ ውስጥ እንዲፈጸም ለማድረግም በየግዛቱ ሕግ መሠረት ዕውቅና መጠየቅን ይፈልጋል።

ይህ ጥያቄ በዳኛ ብይን ሳይሆን በስምምነት ተዘጋ። እ.አ.አ በኅዳር 2021 ለቺካጎው ፍርድ ቤት በቀረበ ሰነድ ቦይንግ አውሮፕላኑ ለበረራ አስተማማኝ እንዳልነበረና ለጉዳቱ ኃላፊ መሆኑን አመነ፤ ክሶቹ በኢሊኖይ መታየታቸውንም እንደማይቃወም ተስማማ። ከሳሾቹ በበኩላቸው ኩባንያውን ለመቅጣት የሚጠየቀውን ተጨማሪ ካሳ ተዉ። ለብዙ ቤተሰቦች መራር ልውውጥ ነበር፤ ኩባንያው ያውቅ የነበረው ሁሉ በአደባባይ ችሎት እንዲወጣ የፈለጉ ነበሩና። ሆኖም መዝገቡ ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ ሄዶ እንደገና ከዜሮ እንዳይጀመር ያረጋገጠው ይኸው ስምምነት ነው።

ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ ጉዳዮች ከችሎት ውጭ በዕርቅ ተጠናቀቁ። ለውሳኔ የደረሰው የመጀመሪያው ጉዳይ እ.አ.አ በኅዳር 2025 ሲታይ፣ በቺካጎ የተሰየሙት የጁሪ አባላት ለአንዲት ሟች ቤተሰብ ከ28 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወሰኑ።

ቦይንግ ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ቨርጂኒያ አርሊንግተን እንደሚያዛውር ያስታወቀው በግንቦት 2022 (እ.አ.አ) ነው። ሥልጣን የሚለካው ክሱ በተመሠረተበት ቀን ስለሆነ ቀድሞ የቀረቡት መዝገቦች ከቺካጎ አልተነቀነቁም። ከዝውውሩ በኋላ ባሕር ማዶ ለሚደርስ አደጋ ኩባንያውን በመኖሪያው መክሰስ የሚፈልግ ቤተሰብ ግን ኢሊኖይን ከዝርዝሩ አውጥቶ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ከፔንታጎን አጠገብ ያለውን አድራሻ ይጽፋል።